ወለሉ እስኪይዝ

ሃ-ሌፖኮ፣ ከሞኮትሎንግ በላይ
ሰኔ 3 ቀን 1995

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለማሊኔዎ፣ ማንጋውንግ።

ሰላም ይብዛልሽ፤ ዝናብም ጥጋብም ከደጅሽ አይራቅ። ልጅሽ ሊኔዎ እንዴት ናት? ባልሽስ? እኔ አለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ግን አብሮኝ የኖረ ሕመም ነው፣ ተላምደናል።

ደብዳቤሽን የአውቶቡሱ ሹፌር ራሌፑ አድርሶልኛል። መምህሩ ያንብብልኝ ብዬ ነበር፣ ኋላ ተውኩት። የቤቴን ነገር መምህሩ ምን ቤት ነው? ቀስ እያልኩ ራሴ አነበብኩት። ይህንንም የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደሌ ከተንጋደደብሽ ወረቀቱን አጋድለሽ አንብቢው።

«ትንሿ እናቴ፣ ባለቤትዎ፣ ካረፉ ወዲህ ብቻዎን ነዎት፣ የብርዱን ወራት ከእኛ ጋር ያሳልፉ፣ የጓሮዋ ክፍል ባዶ ናት» ብለሻል። እግዜር ይስጥሽ። አልመጣም። ሥራ ይዣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሊኒካችን አዲስ የማዋለጃ ክፍል ተሠርቶለታል። ግድግዳውም ጣሪያውም አልቋል፤ ወለሉ ግን ባዶ የሲሚንቶ ሊሾ ነው። ነርሷ ፑሴሌጾ «የሚታጠብ ንጣፍ ካልለበሰ ማንንም አላዋልድበትም» ብላ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። እውነቷን ነው። እስከዚያው ድረስ ምጥ የያዛት ሁሉ በፈረስ ተራራውን ትሻገራለች። የፕላስቲክ ንጣፉ ተገዝቶ መጥቷል። አንጣፊ ግን ከዋና ከተማው ከማሴሩ ይምጣ ተባለ።

መንደሩ በተሰበሰበበት ተነሣሁና «ዕድሜዬን ሙሉ ደርባን ላይ የሆቴል ወለል ሳነጥፍ የኖርኩት ሰውዬ የት ሄጄ ነው?» አልኩ። ከኋላ ሴካኬ የሚባለው፣ ያ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፣ «አባባ ፓኪሶ፣ መንበርከኩንስ ይንበርከኩ፣ ማን ያነሣዎታል?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ አፌ ይቀድመኛል። «በነሐሴ መጨረሻ የወረዳው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ወለሉ አልቆ ካላገኘው፣ ቤቴን ዘግቼ የወንድሜ ልጅ ጓሮ እገባለሁ። ያን ጊዜ ሽማግሌ በሉኝ!» አልኩ። ሹሙም «ሰምተናል» አሉ። ሹም ከሰማ ደግሞ አለቀ።

ስለዚህ ከምትሠሪበት መደብር የወለል ኮላ ላኪልኝ፣ ስድስት ጣሳ። ጥርስ ያለውን መቀቢያም ጨምሪበት፤ የእኔው ዝጎ ጥርሱ ረግፏል፣ እንደ ባለቤቱ። ሒሳቡን ክሊኒኩ በራሌፑ እጅ ይልካል።

ትንሹ አባትሽ፣ ፓኪሶ ሞሌኮ


ማንጋውንግ
ሰኔ 15

ይድረስ ለትንሹ አባቴ።

ሰላም ለቤትዎ፣ ለከብትዎም ለደጅዎም ይሁን። ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይያዝልኝ። እኛ ደህና ነን። ሊኔዎ «አያቴ ፈረሳቸውን ይዘው ነው የሚመጡት?» እያለች ትጠይቃለች። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነው።

ስድስቱ ጣሳና መቀቢያው ከዚህ ደብዳቤ ጋር መጥተውልዎታል። ጣሳው ላይ በእንግሊዝኛና በነጮቹ በቦሮች ቋንቋ የተጻፈ አለ፤ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ እኔ ልንገርዎት። ይህ ኮላ ውሃ አለበት። በረዶ ከሆነ ተበላሸ፤ ቢቀልጥም ተመልሶ ኮላ አይሆንም። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥም አይቀባም ይላል። እኛ መደብር ውስጥ ለደንበኛ የምንለው ደግሞ ከዚህ ያጠረ ነው፤ በሐምሌ ወለል አይነጠፍም እንላለን። ይህ እንግዲህ ለማንጋውንግ ነው። እናንተ ዘንድማ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ በመጥረቢያ ነው የሚከፈተው።

ትንሹ አባቴ፣ እስከ መስከረም ይታገሡ። ተቆጣጣሪውን ሹሙ ያናግሩልዎት። ወይም ደግሞ ይተዉት፤ ይምጡ። የጓሮዋን ክፍል ጠርጌያታለሁ። መስኮቷ ፀሐይ ታገኛለች።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ መደብር የምሄደው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ብቻዎን አይሆኑም።

ልጅዎ ማሊኔዎ


ሃ-ሌፖኮ
ሰኔ 30

ይድረስ ለማሊኔዎ።

ሰላም ይግባልሽ፤ ምድጃሽ አይጥፋ።

ሹሙ ያናግሩልዎት ትያለሽ። ሹሙን «ልመናዬን ለምኑልኝ» ልበላቸው? ከሞትኩ በኋላ ይለምኑልኝ።

ኮላሽ ደርሷል፤ አደራረሱን ግን ስሚ። ራሌፑ ጣሳዎቹን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ጠፍሮ አስሯቸዋል። በረዶ ጥሎ መንገዱ ተራራው አናት ላይ ተዘጋ፤ አውቶቡሱም፣ ሰዉም፣ ኮላውም እዚያው አደሩ። «ምነው ውስጥ ብታስገባቸው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ ውስጥማ ሰው ሞልቷል። ደግሞስ ኮላ ብርድ ይመታዋል እንዴ?» አለኝ። ይመታዋል። ሁለቱን ስከፍታቸው አይቡ ለብቻው፣ ውሃው ለብቻው። ባማስለው ባማስለው እንቢ አለ። ዳቦ ቢኖረኝ እቀባው ነበር።

የቀሩትን አራቱን ቤቴ ወሰድኳቸው። ምድጃው ሲጠፋ ቤቱ ይበርዳል፤ ስለዚህ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አልጋ ላይ አስተኛኋቸው፣ በትንሿ እናትሽ በኩል። ስገላበጥ ጣሳው ጎኔን ይነካኛል። እሷም እግሯ ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ በአንዱ ጥግ ጥቂት ሞከርኩ። ደርባን ላይ፣ በዚያ የባሕር ሙቀት፣ ኮላ ቀብተሽ፣ አንድ ሲጋራ አጭሰሽ፣ ንጣፉን ታለብሺዋለሽ። እዚህ ሲጋራዬን ጨረስኩ፣ ቤቴ ሄጄ ገንፎዬን በጎመን በላሁ፣ ተመለስኩ፤ ኮላው አሁንም እንደ ወተት ነጭ ነው። ትዕግሥቴ አለቀና አለበስኩት። በማግሥቱ ስመጣ የንጣፉ ቁራጭ ሁሉ ጠርዙ ተነሥቶ እንደ ውሻ ጆሮ ቆሟል። አንዱን በተረከዜ ልጫነው ብል እንደ ብስኩት ተሰበረ።

ፑሴሌጾ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። «አባባ፣ እኔ ቁስል እንኳ እንዲህ ሲከፈት አላየሁም» አለች።

«አንቺ መርፌሽን ያዢ» አልኳት።

ማሞሃውም መጣች። ታውቂያታለሽ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ማኅበር መሪ፣ የትንሿ እናትሽ ባልንጀራ። ወለሉን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ፓኪሶ፣ እንቢ ካለህ እኛ አለንልህ» አለችኝ። አለን ማለት ምን ማለት ነው? ሴት ኮላ ቀብታ ታውቃለች?

አሁን ሁለት ጣሳ ጨምሪልኝ። የላምባ ማሞቂያም ላኪልኝ፣ ትልቁን። ክፍሉን እቀቅለዋለሁ።

ትንሹ አባትሽ ፓኪሶ


ማንጋውንግ
ሐምሌ 14

ይድረስ ለትንሹ አባቴ።

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሁለቱን ጣሳ ልኬያለሁ። ራሌፑን እግርህ ሥር አድርጋቸው ብዬ አስምዬዋለሁ። ከዚህ በኋላ ግን ከእኛ መደብር አይጠብቁ፤ ሊዘጋ ነው፣ መደርደሪያው እየተራገፈ ነው።

የላምባውን ማሞቂያ አልላክሁም። ይቆጡ እንግዲህ። ላምባ ሲነድ እንፋሎት ያወጣል፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ሊሾ ላይ ሄዶ ያርፋል፤ ሊሾው ያልበዋል። ያላበው ሊሾ ላይ ደግሞ ምንም ኮላ አይዝም። ጭሱንም እንፋሎቱንም በቧንቧ ወደ ውጭ የሚያወጣ የብረት ምድጃ ይፈልጉ። ቀንም ሌሊትም ሳይጠፋ ይንደድ። ሊሾው፣ ንጣፉና ኮላው አብረው መሞቅ አለባቸው። እርስዎ ኮላውን ብቻ ብርድ ልብስ አልብሰው በረዶ ላይ ካፈሰሱት ምን ትርፍ አለው?

ቀብተው ሲጨርሱ ሰዓት አይቁጠሩ። በጣትዎ ይንኩት። ነጩ ጠፍቶ፣ ክር እየሳበ፣ ጣትዎ ላይ ግን ሳይቀር ሲመጣ፣ ያን ጊዜ ያልብሱት።

ሊኔዎ ደህና ናት። ደክሞኛል፣ በዚሁ ልተወው።

ማሊኔዎ


ሃ-ሌፖኮ
ሐምሌ 28

ይድረስ ለማሊኔዎ።

ሰላም ካንቺ ይሁን፤ ሌሊትሽ ይሙቅ።

የባልሽን ነገር አልጻፍሽልኝም። ስለ ጓሮዋ ክፍልም ዝም ብለሻል። ወረቀት አጥሮሽ ይሆናል።

እኔ በረታሁ ስል ወደቅሁ። ምድጃና ቧንቧ ፍለጋ በፈረስ ሞኮትሎንግ ወረድኩ። ድሮ ሱቅ የነበረው ሰውዬ ጓሮው ውስጥ የጣለውን ሰጠኝ። ጭኜ፣ እየተንቋቋብኝ፣ ፈረሱ እየደነበረብኝ ተመለስኩ። ክሊኒኩ በር ላይ ስደርስ የሴቶች ሳቅ ሰማሁ። ገባሁ።

ልጄ፣ ወለሉን ለቅልቀውታል! ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ በእበትና በቀይ አፈር። ማሞሃው እጅጌዋን ሰብስባ፣ እስከ ክንዷ ተለውሳ፣ መሐል ላይ ተንበርክካለች።

«ይኸው ፓኪሶ» አለች። «ልጅ የሚወለድበት ቤት ራቁቱን ሲከርም ታየዋለህ እንዴ? አለበስንልህ። ፕላስቲክህን ከላይ ታደርግለታለህ።»

«እበት ላይ?»

«እናትህ አንተን የወለደችህ ምን ላይ ነው? እብነ በረድ ላይ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ሲሳቅብኝ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ። ቧንቧውን ጣልኩና ጮህኩባቸው። ሥራ ፈት ባልቴቶች አልኳቸው። ሌላም አልኩ፣ እሱን አልጽፈውም። ሳቁ ቆመ። ማሞሃው እጇን በዚያ በረዶ ውሃ ታጠበች፣ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ያቺ ሚስትህ ብትኖር ይህን አፍ አታወጣም ነበር» አለችኝና ወጣች። ሌሎቹም ተከትለዋት ወጡ።

እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ። ሥራው ያምር ነበር። በጣታቸው መስመር መስመር አውጥተውለት ልክ እንደ ታረሰ ማሳ ነበር። ወለል ሳይ ነው የኖርኩት፤ ያማረውን አውቃለሁ። ግን ኮላ አፈር ላይ አይዝም። ገና እርጥብ ስለነበር በአካፋ ፋቅሁት። የቀረውን በውሃ አጠብኩት። ጠዋት ውሃው ሊሾው ላይ በረዶ ሆኖ ጠበቀኝ። በረዶውንም ፋቅሁት። አሁን ሳል ይዞኛል። ምድጃው ተተክሏል፤ የማነድበት ኩበት ግን የለኝም። በዚህ መንደር ኩበት ያለው በሴቶቹ እጅ ነው። ሴቶቹ ደግሞ በመንገድ ሲያገኙኝ ማዶ ማዶውን ያያሉ።

ምንም እንዳትልኪልኝ። ያጣሁት የሚላክ ነገር አይደለም።

የጓሮዋ ክፍል መስኮት ፀሐይ ታገኛለች ብለሽኝ ነበር። ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?

ፓኪሶ


ማንጋውንግ
ነሐሴ 8

ይድረስ ለትንሹ አባቴ።

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ሳልዎን እግዚአብሔር ያርግፍልኝ። ይህን ደብዳቤ ጽፌ ቀድጄ፣ እንደገና ነው የጻፍኩት።

ፀሐይ የምትገባው ጠዋት ነው። ግን አሁን የጓሮዋ ክፍል ሰው አለባት፤ ተከራይተዋታል። እኔና ሊኔዎም ብቻችንን ሌላ ቦታ ነን፣ ለጊዜው። ይምጡ ብዬ ለምኜ አሁን አይምጡ ስል አፍራለሁ። አይጠይቁኝ።

ስለ ወለሉ ግን ገና አላለቀም። ሊሾው ከደረቀና ከሞቀ፣ ንጣፉ ክብደት ከተጫነው በብርድም ይይዛል። እኛ የአሸዋ ከረጢት እንደረድርበት ነበር። እናንተ ጋ አሸዋው ራሱ በረዶ ነው፤ ከላይ ያቀዘቅዘዋል። የሚከብድም የሚሞቅም ነገር ያስፈልግዎታል። በመንደራችሁ እንዲህ ያለው ነገር ሰው ብቻ ነው፣ ትንሹ አባቴ።

እና ማሞሃው ጋ ይሂዱ። ትንሿ እናቴ ቢኖሩ ያኔውኑ ባርኔጣዎን አስይዘው ይልኩዎት ነበር። ለእኔ ሲሉ አይሂዱ። እኔ ልመና እንዴት እንደሚከብድ በዚህ ወር በደንብ አውቄዋለሁ።

ማሊኔዎ


ሃ-ሌፖኮ
ነሐሴ 25

ይድረስ ለልጄ ለማሊኔዎ።

ሰላም፣ ዝናብ፣ ጥጋብ ካንቺ ጋር ይሁን። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ባታገኚ በሰላሙ ጀምሪ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ባርኔጣዬን አነሣሁ። አስቀመጥኩት። እንደገና አነሣሁት። ማሞሃው ደጇ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ባቄላ ትለቅማለች። ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ።

«ማነው?» አለች፣ እያየችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«ፓኪሶ ነኝ።»

«ከሥራ ፈቶች ዘንድ ምን ሥራ ኖሮህ መጣህ?»

«ኩበት ልለምን» አልኩ። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ይህን አልነበረም። ባቄላዋን ለቀመች። «ይቅርታም ልጠይቅ» አልኩ።

«ይቅርታው ቢቀድም ምን ነበረበት?» አለች። ግን ከንፈሯ ጥግ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። «ሌላስ?»

«ሌላማ... የሐሙሱን ጸሎታችሁን ክሊኒኩ ወለል ላይ አድርጉልኝ። ተቀምጣችሁ፣ ሁላችሁም።»

«ለምን?»

«ትከብዳላችሁ።»

ባቄላውን በእፍኟ ዘግና ወረወረችብኝ። ከዚያ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም የተበተነውን ባቄላ ለቀምኩላት።

ከዚያ በኋላ ከየቤቱ ኩበት በቅርጫት መጣ። ምድጃው ሳይጠፋ ነደደ፤ ሴቶቹ በተራ አነደዱት። ሊሾው ደረቀ። መዳፌን ሳሳርፍበት እንደ ላም ጎን ሞቀ። ንጣፉንም ኮላውንም እዚያው አሳደርኳቸው። ሐሙስ በማለዳ መቀባት ጀመርኩ። እንዳልሽኝ በጣቴ ነካሁት፣ ጠበቅሁ፣ ነካሁት፣ ጠበቅሁ። ሲጋራ አላጨስኩም። ክሩን ሲስብ፣ ጣቴንም ሲለቅልኝ፣ አለበስኩት። ከውስጠኛው ግድግዳ ጀምሬ እያፈገፈግሁ በሩ ጋ ስደርስ ጉልበቴ አልዘረጋ አለኝ። ተንበርክኬ ቀረሁ። አንድ ሰው ከኋላዬ በብብቴ ይዞ አነሣኝ። ዞር ብል ሴካኬ ነው፣ ያ የወፍጮ ቤቱ። አልሳቀም። እኔም አልሰደብኩትም፤ ትንሽ ብቻ።

ሴቶቹ መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ቀይ የማኅበር ልብሳቸውን ለብሰው፣ በብርድ ልብሳቸው ተጠቅልለው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። ማሞሃው «ጠርዝ ጠርዙን ያዙ፣ ወፍራሞቹ ወደ ጥግ!» እያለች ደለደለቻቸው። ለእኔ ያ እንደ ውሻ ጆሮ የቆመብኝ ጥግ ደረሰኝ። ጸለዩ፣ ዘመሩ። ትንሿ እናትሽ ገንፎ ስታማስል የምታንጎራጉረውንም ዘመሩት። እኔ ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከሞተች ወዲህ ተኝቼ አላውቅም።

ሲነሡ ጠርዙን ሁሉ በጥፍሬ ሞከርኩት። ይዟል። በማግሥቱም ይዟል። ተቆጣጣሪው ትናንት መጣ፣ በጫማው አፍንጫ ሄድ መለስ አለበትና «ማነው ያነጠፈው?» አለ። ፑሴሌጾ «አባባ ፓኪሶና ሴቶቹ» አለችው። ላርማት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ዘጋሁት።

ስለዚህ ቤቴን አልዘጋም። ግን ሌላ ጣጣ መጥቷል። የመድኃኒት ክፍሉንና የመጠበቂያውንም አንጥፍ ተብያለሁ። ኮላው ከሌላ መደብር ይመጣል፤ የማላውቀው ጣሳ ነው። ማሊኔዎ፣ እኔ ጣሳ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማንበብ አልችልም። ደርባንም ሳለሁ አልችልም ነበር። ፊደሉ ደቃቅ ሆኖ አይደለም። ይህን ከትንሿ እናትሽ በቀር የሚያውቅ የለም፣ አንቺም ያዢው። አንብቦ የሚነግረኝ፣ ደግሞ ኮላ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሰው የለም። እለምንሻለሁ።

ራሌፑን ለሁለት ሰው ከፊት ወንበር ያዝ ብዬዋለሁ፣ ጣሪያ ላይ ቢያስራችሁ ወየውለት። መምህሩ ሊኔዎን ይቀበላታል፤ ጠይቄዋለሁ። ፈረሱም እሷን እየጠበቀ ነው በያት። ሌላ ነገር አልጠይቅሽም፣ ስትመጪም አልጠይቅሽም።

ጣሳዎቹ ከአልጋው ተነሥተዋል። ትንሿ እናትሽ ከሞተች ወዲህ የቤቴን ወለል የለቀለቀው ሰው አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ማሞሃው ሴቶቿን ይዛ መጣችና ለቀለቁት፣ ያንኑ መስመር መስመሩን አውጥተው። እኔ ውሃ ቀዳሁላቸው። ገና እርጥብ ነው፣ በዚህ ብርድ ቶሎ አይደርቅም። እናንተ እስክትደርሱ ይደርቃል።

ትንሹ አባትሽ ፓኪሶ